የጾታ ሆርሞን ያዥ ፕሮቲንን የሚለካ የደም ምርመራ እዚሁ ማዘጋጀት ይቻላል ወይ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰበታ ከተማ ዳር በሚገኝ የግል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሐኪሞች የጾታ ሆርሞን ያዥ ፕሮቲን፣ በእኛ አጠራር ኤስኤችቢጂ፣ ሲያዝዙ ናሙናውን ወደ ሌላ ቦታ እንልካለን። ውጤቱ ይዘገያል፣ ዋጋውም ለታካሚው ይከብዳል። የኤላይዛ ማንበቢያ፣ የፕሌት ማጠቢያና ኢንኩቤተር አለን። ምርመራውን ራሳችን አዘጋጅተን መለካት እንችላለን? ከየት እንጀምር? ለታካሚ ውጤት መስጠት የምንችለውስ መቼ ነው?»

አጭሩ መልስ «ትችላላችሁ» የሚል ነው፤ ያላችሁም መሣሪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሥራው የሚከብደው ግን ብዙዎች በሚጠብቁት ቦታ፣ ማለትም ፕሌቱ (ናሙናው የሚጨመርበት ባለብዙ ጉድጓድ ሳህን) ላይ ቀለም በማውጣቱ ላይ አይደለም። የሚከብደው ያ ቀለም የፕሮቲኑን መጠን በትክክል የሚናገር መሆኑን፣ ያውም በዚህ አገር ሰው ደም ላይ በትክክል የሚናገር መሆኑን ማረጋገጡ ነው። ስለዚህ መልሴን በዚህ ላይ አተኩራለሁ፤ በማንኛውም የኤላይዛ (ፕሮቲንን በአንቲቦዲና በቀለም የሚለካ ዘዴ) መመሪያ ውስጥ የሚገኘውን ግን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ኤስኤችቢጂ በጉበት የሚሠራና የስኳር ሰንሰለት የተያያዘበት ፕሮቲን ሲሆን፣ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ተጣምረው ወደ 90 ኪሎዳልተን የሚመዝን አንድ አካል ይሆናሉ። በደም ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮንን፣ ቴስቶስትሮንንና ኢስትራዲዮልን ይይዛል፤ አጥብቆ የሚይዘውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በወንድ ደም ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉ ብቻ ነጻ ሲሆን፣ የቀረው በዚህ ፕሮቲንና በአልቡሚን ተይዞ ይዘዋወራል። አልቡሚን በመጠን እጅግ ብዙ ቢሆንም አያያዙ የላላ ነው፤ ኤስኤችቢጂ ግን በመጠን ትንሽ ሆኖ ሳለ ቴስቶስትሮንን የሚይዝበት ኃይል ከአልቡሚን ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ለሐኪሙ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይሻላል። ሁለት ወንዶች ጠቅላላ ቴስቶስትሮናቸው እኩል 9 ናኖሞል በሊትር ነው እንበል፤ የአንዱ ኤስኤችቢጂ 12፣ የሌላው 60 ናኖሞል በሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቬርሜውለንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ስሌት አልቡሚንን 43 ግራም በሊትር አድርገን ብናሰላ፣ የመጀመሪያው ሰው ነጻ ቴስቶስትሮን ወደ 270 ፒኮሞል በሊትር ሲደርስ የሁለተኛው 120 እንኳ አይሞላም። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሐኪም ሁለቱን አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ያደርጋቸዋል፤ ምናልባትም ሕክምና የማያስፈልገውን ወፍራም ሰው ሆርሞን ያስጀምረዋል። በሌላ በኩል የእናንተ ምርመራ የሁለተኛውን ሰው 60 በሃያ በመቶ አሳንሶ 48 ብሎ ቢያነብበው፣ የሚሰላው ነጻ ሆርሞን ወደ 137 ከፍ ይላል፤ ይኸውም ከአሥራ አምስት በመቶ የሚበልጥ ስሕተት ነው። የፕሮቲኑ ልኬት ሲሳሳት ሌላውንም ስሌት ይዞት ይሄዳል።

ምርመራው በአካባቢያችን ለማን እንደሚታዘዝ ታውቃላችሁ፤ ፊታቸው ላይ ፀጉር ለሚበቅልባቸውና የወር አበባቸው ለተዛባ ሴቶች፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው ወንዶች፣ ልጅ ለዘገየባቸው ባልና ሚስት ነው። ውፍረት፣ የኢንሱሊን መብዛት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና የታይሮይድ መዳከም ፕሮቲኑን ዝቅ ያደርጉታል። የታይሮይድ መብዛት፣ እርግዝና፣ የጉበት መጠንከር፣ የኤችአይቪ ሕመምና በወንዶች ዘንድ የዕድሜ መግፋት ከፍ ያደርጉታል። ከእርግዝና መከላከያዎች ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ፕሮቲኑን በጉልህ ከፍ ሲያደርገው፣ በአገራችን ከሁሉ በላይ የተለመደው የሦስት ወሩ መርፌ ግን ኢስትሮጅን የለበትም። ስለዚህ በናሙና ቅጹ ላይ «መከላከያ ትወስዳለች» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛውን እንደሆነ መጻፍ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጀመሪያው ውሳኔያችሁ የፕሮቲኑን መጠን ልትለኩ ነው ወይስ ሆርሞን የመያዝ አቅሙን የሚለው ነው። በቀደመው ዘመን የሚለካው አቅሙ ነበር፤ ራዲዮአክቲቭ ትሪቲየም ያለበት ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደ ሴረሙ (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ይጨመርና፣ ፕሮቲኑ በአሞኒየም ሰልፌት እንዲዘቅጥ ከተደረገ በኋላ ከእሱ ጋር የወረደው ሆርሞን ይቆጠራል። ይህ ዘዴ ፕሮቲኑ ሥራውን መሥራቱን በቀጥታ ይናገራል፤ ሆኖም አድካሚ ነው፣ የጨረር ፈቃድም ይጠይቃል። ያሎውና በርሰን ያስጀመሩት፣ በአንቲቦዲና በራዲዮአክቲቭ ምልክት የሚለካው የራዲዮኢሚውኖአሴይ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተዋወቀው ኤላይዛ፣ እንዲሁም ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 ያሳወቁት የሞኖክሎናል አንቲቦዲ (ሁሉም አንዲት ነጥብ ብቻ የሚያውቅ) አሠራር ከመጡ በኋላ ላቦራቶሪዎች በሙሉ ማለት ይቻላል መጠኑን ወደመለካት ዞሩ። እናንተም መጠኑን ለኩ። ነገር ግን ኤላይዛ የሚቆጥረው አንቲቦዲው የሚያውቀውን የፕሮቲኑን ገጽ እንጂ ሆርሞን የሚይዘውን ኪስ አለመሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስታውሱ።

ከዚህ የተነሣ የአንቲቦዲ ምርጫ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይበልጣል። እዚህ ላይ ተመሳሳይ የመሸከም ሥራ ካለው ሌላ የደም ፕሮቲን፣ ከቫይታሚን ዲ ያዥ ፕሮቲን ታሪክ መማር ይገባናል፤ ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተን አፍሪካውያንን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮቹ ይልቅ ይህ ፕሮቲን በእጅጉ ያንሳቸዋል ብሎ ደመደመ፤ ከዚያም ጠቅላላ ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ቢልም ለሰውነት የሚውለው ያው ነው የሚል ትርጓሜ ተከተለ። የተጠቀሙበት ኤላይዛ በሞኖክሎናል አንቲቦዲ የተሠራ ነበር። ፕሮቲኑ በዘር የሚተላለፉ የተለያዩ መልኮች ያሉት ሲሆን፣ የአፍሪካ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች የሚበዛውን መልክ ያ አንቲቦዲ አጥርቶ አይዘውም ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ነጥቦችን በሚያውቅ ፖሊክሎናል አንቲቦዲና ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ደግመው ሲለኩት ያ ትልቅ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሰውን በጋቢው ብቻ የሚለይ ዘበኛ ጋቢውን የቀየረውን ነዋሪ «አልመጣም» ብሎ እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲም ያቺ ነጥብ የተለወጠችበትን ፕሮቲን ከቁጥር ያጎድለዋል።

ኤስኤችቢጂም የዘር ልዩነቶች አሉት። በደንብ ከተጠኑት አንዱ ተጨማሪ የስኳር ሰንሰለት የሚያስይዝ ለውጥ ሲሆን፣ ያ መልክ ከደም ውስጥ ቀስ ብሎ ይወገዳል፤ ሌላው ደግሞ ቴስቶስትሮንን የመያዝ ኃይሉን ይቀንሳል። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሊስተው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን አንቲቦዲው በሚገባ ቆጥሮት ሳለ ፕሮቲኑ የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም። ስለዚህ የእኔ ምክር ፕሌቱን የሚሸፍነው ያዥ አንቲቦዲ ብዙ ነጥቦችን የሚያውቅ ፖሊክሎናል፣ ኢንዛይም የተያያዘበት ጠቋሚ አንቲቦዲ ደግሞ ከዘር ለውጦቹና ከስኳር ሰንሰለቶቹ የራቀ ነጥብ የሚያውቅ ሞኖክሎናል እንዲሆን ነው። ሁለት ሞኖክሎናሎችን አጣምሮ መጠቀም ከፕሌት ወደ ፕሌት የተረጋጋ ውጤት ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በሕዝባችን ላይ ያልተፈተነ መረጋጋት ያንኑ ስሕተት በየቀኑ ሊደግም ስለሚችል የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ።

ሞኖክሎናሉን ግዙት፤ ራሳችሁ ልታመርቱት አትሞክሩ። የምትገዙት አቅራቢ አንቲቦዲው የትኛውን የፕሮቲን ክፍል እንደሚያውቅ በጽሑፍ ካልነገራችሁ ሌላ አቅራቢ ፈልጉ። ፖሊክሎናሉን ግን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለዚህም በአካባቢያችሁ በብዛት የሚረባው የእንቁላል ዶሮ ምቹ ነው። በንጹሕ ኤስኤችቢጂ የተከተበች ዶሮ አንቲቦዲውን በእንቁላሏ አስኳል ውስጥ ታከማቻለች፤ ከአንድ እንቁላልም ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ጠቅላላ አንቲቦዲ ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ኤስኤችቢጂን የሚያውቀው ጥቂቱ እጅ ነው። የዶሮ አንቲቦዲ ሌላም ጥቅም አለው። በአንዳንድ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ያለው የሩማቶይድ ፋክተር (ሌሎች አንቲቦዲዎችን የሚይዝ አንቲቦዲ) እና በአይጥ አንቲቦዲ ላይ የሚነሣው የሰው አንቲቦዲ ከእሱ ጋር አይጣበቁም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ በሌለበት ያዡንና ጠቋሚውን አገናኝተው የሐሰት ቀለም ሊያወጡ አይችሉም። እዚያው ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በኤላይዛ ሥራ የቆየ ስለሆነ፣ እንስሳቱን በሥርዓት ስለመከተብና ስለመጠበቅ ከባለሙያዎቹ ጋር መመካከር ጠቃሚ ነው። የመከተቢያው ፕሮቲን በአልቡሚን ወይም በሌላ የሴረም ፕሮቲን ከተበከለ ግን አንቲቦዲውም እነዚያን ያውቃል፤ በመሆኑም አንቲቦዲውን ኤስኤችቢጂ በተያያዘበት ኮለም አሳልፎ ማጥራት የማይታለፍ ደረጃ ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ ካሊብሬተሩ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ ናሙና ነው። በንግድ የሚሸጥ «ንጹሕ ኤስኤችቢጂ» በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን በትክክል ይዟል ብላችሁ አትመኑ። በብሪታንያ የሚገኘው የባዮሎጂያዊ ስታንዳርዶች ተቋም የሚያከፋፍለው የዓለም ጤና ድርጅት ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የኤስኤችቢጂ ስታንዳርድ፣ መለያ ቁጥሩ 08/266 የሆነው፣ መነሻችሁ ይሁን። እሱ ውድና ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ አይሠራበትም፤ ከእሱ ጋር አነጻጽራችሁ ዋጋ የምትሰጡትን የሴረም ቅይጥ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙና የዕለት ካሊብሬተራችሁ አድርጉት። በእርግዝናቸው መጨረሻ ያሉ እናቶች ፕሮቲናቸው ከወትሮው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ስለሚጨምር፣ በፈቃዳቸው የሚሰጡት ናሙና ለከፍተኛው ደረጃ እጅግ ይጠቅማል። የመለኪያ አሐዱንም ከጅምሩ ወስኑ። ውጤት በናኖሞል በሊትር ሲጻፍ የሚቆጠረው ጥንዱ አካል ነው ወይስ እያንዳንዱ ግማሽ? እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የክሪስታል ጥናት እያንዳንዱ ግማሽ የራሱ የሆርሞን ኪስ እንዳለው ቢያሳይም፣ የተለመደው አጻጻፍ ጥንዱን እንደ አንድ ይቆጥራል። ይህን የተሳሳተ ላቦራቶሪ ውጤቱ በትክክል እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆንበታል፤ ሁሉም ናሙና በአንድነት ስለሚዛባ ደግሞ በዕለት ኮንትሮል (መቆጣጠሪያ ናሙና) አይታወቅም።

የፕሌቱ ግንባታ የተለመደው ነው። ያዡ አንቲቦዲ በ9.6 ፒኤች የካርቦኔት በፈር ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ይለጠፋል፣ ባዶው ቦታ በአልቡሚን ወይም በኬሲን ይሸፈናል፣ የሁለቱ አንቲቦዲዎች መጠን በአግድምና በቁልቁል ተለዋውጦ ተሞክሮ የተሻለው ይመረጣል፣ ቀለሙ በ450 ናኖሜትር ይነበባል፣ መሥመሩም በአራት መለኪያ ሎጂስቲክ ይሰላል። ልብ የሚያስፈልገው የማቅጠኑ መጠን ነው። 50 ናኖሞል በሊትር ማለት 4.5 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ገደማ ነው፤ ይህም ለኤላይዛ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሴረሙን መቶ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ማቅጠን ያስፈልጋል። በበቂ ያልቀጠነ የነፍሰ ጡር ሴረም ሁለቱንም አንቲቦዲዎች ለየብቻ አጥግቦ ዝቅተኛ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ከፍተኛ ናሙናዎችን በተለያየ ማቅጠኛ ለክታችሁ ውጤቱ ተመልሶ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በተለያየ ማቅጠኛ የተለካው የሕመምተኛ ሴረም ከካሊብሬተሩ መሥመር ጋር ጎን ለጎን ካልሄደ አንቲቦዲው ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አያያቸውም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው ቆሞ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ከከተማ ዳር መሥራት የራሱ ጠባይ አለው። መመሪያዎች «በክፍል ሙቀት» ሲሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለታቸው ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ያለ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይሞቃል። የኢንዛይሙ ሥራ ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ሁሉንም እርከን በኢንኩቤተር ውስጥ አድርጉት፤ የካሊብሬተሩንም መሥመር በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ አዲስ ሥሩት እንጂ የትናንቱን አትዋሱ። የጉድጓድ ውኃ በማዕድን ስለሚከብድ በፈሩ በዲአዮናይዝድ ውኃ ብቻ ይሠራ። ለማቆያ ብላችሁ ሶዲየም አዛይድ ወደ ማጠቢያው ወይም ወደ ጠቋሚው አንቲቦዲ አትጨምሩ፤ ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይሙን ያደክመዋል። መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት የቀዘቀዘው የካሊብሬተር ክምችት ስለሆነ፣ ከክምችቱ ግማሹን በሌላ ሕንፃ ባለ ማቀዝቀዣ አስቀምጡ።

ናሙናው በቀይ ክዳን ቱቦ የተወሰደ ሴረም ይሁን። ካልሲየም የፕሮቲኑን ጥንድ ክፍሎች አጽንቶ ይይዛል፤ በሐምራዊው ክዳን ቱቦ ያለው ኢዲቲኤ ደግሞ ካልሲየሙን ስለሚወስድ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ፕሮቲኑ ራሱ በቀን ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ አብሮ የሚለካው ቴስቶስትሮን ግን በማለዳ መወሰድ ስላለበት ሁለቱንም በማለዳ ውሰዱ። ተኝቶ የቆየ ሰው ደም ስለሚቀጥን የፕሮቲን ልኬት ዝቅ ይላል፤ ሁሉም ተቀምጠው ደም ይስጡ።

ማረጋገጫውን በሚመለከት፣ በአንድ ፕሌት ውስጥ ያለው መለዋወጥ ከ10 በመቶ፣ ከቀን ወደ ቀን ያለው ከ15 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ እኔ ግን ነጻ ሆርሞን ለሚሰላበት ምርመራ ከዚህ የጠበቀ ብጠይቅ እመርጣለሁ። ቢያንስ 40 ናሙናዎችን፣ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያሉትን፣ እውቅና ባለው ሌላ ላቦራቶሪ አስለክታችሁ አነጻጽሩ። በዚህ ጊዜ የኮሬሌሽን (የሁለቱ ልኬቶች አብሮ መጨመርና መቀነስ) ቁጥር ከፍ ማለቱ አያታልላችሁ፤ ሁልጊዜ በግማሽ የሚያነብ ምርመራም ፍጹም ኮሬሌሽን ሊኖረው ይችላል። የሁለቱን ልዩነት በአማካያቸው ላይ የሚያሳየውን የብላንድና አልትማን ሥዕል ሥሩ። ከእነዚህ ናሙናዎች የተወሰኑትን ነጻ ቴስቶስትሮንን በኢኩሊብሪየም ዳያሊሲስ (ነጻውን ሆርሞን በስስ ሽፋን ለይቶ በቀጥታ በሚለካው ዘዴ) ወደሚለካ ላቦራቶሪ ላኩ። ከኤስኤችቢጂያችሁ የሰላችሁት ነጻ ሆርሞን በቀጥታ ከተለካው ጋር በአብዛኛው እየተስማማ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ በሰፊው ከተለያየ፣ እነዚያ ሰዎች የዘር ለውጥ ያለበት ፕሮቲን ይኖራቸው እንደሆነ መመርመር ይገባል። የመያዝ አቅሙን ባትለኩም የአንቲቦዲያችሁን ዕውርነት የምታገኙበት መንገድ ይህ ነው፤ በጀት ቢያጥር ሌላውን ቀንሱ እንጂ ይህን አትሰርዙ።

የጤናማ ሰው ወሰንም ከኪት ወረቀት የሚገለበጥ አይደለም። የክሊኒካል ላቦራቶሪ ስታንዳርዶች ተቋም መመሪያ ለእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 120 ጤናማ ሰዎችን ይጠይቃል፤ ለወንድና ለሴት በየራሱ ማለት ነው። ሴቶቹ ነፍሰ ጡር ያልሆኑና ኢስትሮጅን የማይወስዱ፣ ሁሉም የታይሮይድ ምርመራቸው ደህና የሆነ ይሁኑ። የተመላላሽ ታካሚዎችን ትርፍ ደም ሰብስቦ «ጤናማ» ማለት አይቻልም። ለዚህ ሁሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የሰጪዎቹ የጽሑፍ ስምምነት በቅድሚያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ «መቼ ነው ለታካሚ ውጤት የምንሰጠው» ላላችሁት፦ የናሙናውና የካሊብሬተሩ መሥመሮች ትይዩነት፣ የናሙና ንጽጽሩና የጤናማ ሰው ወሰኑ ተጠናቅቀው፣ ሁለት በተለያየ ጊዜ የተሠሩ የአንቲቦዲ ክምችቶች አንድ ዓይነት ውጤት መስጠታቸው ሲታይ ነው። ሁለተኛው ክምችት እስኪሠራ ሳይጠብቁ መጀመር የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የመጀመሪያዋ ዶሮ እንቁላል ሲያልቅ ምርመራው እንዳለ ሊለወጥ ስለሚችል አልመክረውም። ለራሳችሁ ታካሚዎች ከመጠቀም አልፋችሁ ኪቱን ለሌሎች ልትሸጡ ካሰባችሁ ደግሞ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ ይኖርበታል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ፕሌት ጥሬ ንባብ፣ የሪኤጀንቱን መለያ ቁጥርና የኢንኩቤተሩን ሙቀት ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምራችሁ መዝግቡ። እስከዚያው ሐኪሞቹ የሚያዝዙትን ናሙና ወደ ውጭ መላካችሁን አታቋርጡ፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት ሴረም በታካሚው ፈቃድ አስቀርታችሁ ብታቀዘቅዙ ለንጽጽር የምትፈልጓቸው ናሙናዎች፣ ከተረጋገጠ ውጤታቸው ጋር፣ በእጃችሁ ይገኛሉ።